መብራቱን መቼ እንደማያበራ የሚያውቅ ባለሙያ፦ ለኮምቦልቻ ባለጋሪዎች

ኮምቦልቻና አካባቢዋ ፈረስ ያላችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልን። በቀይ መብራት የፈረስ ጡንቻ የሚያፍታታውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ አይወድም፣ በጋሪ ተራው ግን የማያውቀው የለም። አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ያክብርልን ወንድማችን!

ምስጋናው በዛ የሚል ካለ ከእሱ በፊት የመጡትን ያስታውስ። አንዱ ለሴቶች ፊት የሚሸጥ መብራት ይዞ መጣና ጭቃ በደረቀበት ጸጉር ላይ ግማሽ ሰዓት ደግኖ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ጭቃና ላብ ያለበት ጸጉር ብርሃኑን እዚያው ውጦ ያስቀረዋል፣ ጡንቻው ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም። ሌላው ገጣባው ላይ ሰማያዊውን የቁስል ስፕሬይ ነፍቶ በላዩ አበራበት። ጠቆር ያለ ቀለም ብርሃኑን ስቦ ቆዳውን ያግላል፤ ፈረሱ ሙቀቱን ሲሸሽ "ክፉ ፈረስ ነው" ተባለ፣ በጅራፍም ተመታ። ወርች በጋለ ብረት ስለሚተኩሱት ደግሞ ባናወራ ይሻላል። ጠባሳው ይቀራል፣ ፈረሱም ሰው ወደ ትከሻው በተጠጋ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል።

የኛ ሰው መብራቱን ከቦርሳው የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ፈረሱን ከነጋሪው ያስነዳና ከጎን ቆሞ ያያል። ጭነት ወደ ፊት ሲያጋድል ክብደቱ በዘንጎቹ በኩል ጀርባው ላይ ያርፋል፤ ወደ ኋላ ሲያጋድል ዘንጎቹ ይነሱና የሆድ ማሰሪያው ከስር ያንቀዋል። ሁለቱም ጀርባን ያደርቃሉ። ቀጥሎ የደረት ማሰሪያውን ይመለከታል፤ ከትከሻው አጥንት ጫፍ በላይ፣ ከጉሮሮው በታች መዋል አለበት። ከፍ ካለ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ዝቅ ካለ ትከሻው ወደ ፊት እንዳይዘረጋ ይይዘዋል። እጁንም ዘርግቶ በማሰሪያው ስር ያስገባል፣ ካልገባለት ይፈታዋል። ወደ ቦርከና የሚወርድ መንገድ ላይ ለምትሰሩ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ ይናገራል፦ ከታፋው ኋላ የሚዞር መግቻ ማሰሪያ የሌለው ፈረስ ቁልቁለት ላይ ጋሪውን የሚያግደው በወገቡ ነው። የወገብ መድረቅ ከዚያ ሊመጣ ይችላል፣ ማሰሪያው ሳይስተካከል መብራት ማብራት ገንዘብ መጣል ነው ይላል። እውነቱን ነው።

መብራቱ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይሰጣል፣ የሚለዩትም በሞገድ ርዝመታቸው ነው፣ መለኪያው ናኖሜትር ይባላል። 660 ናኖሜትሩ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ቆዳና ቅርብ ያለውን ያገኛል። 850 ናኖሜትሩ ኢንፍራሬድ ነው፤ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ለዓይን ግን አይታይም። "ጠፍቷል" ብሎ ፊትን ማስጠጋት አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጊዜውን በግምት አይሰፍርም። መሣሪያው በካሬ ሴንቲሜትር 50 ሚሊዋት የሚሰጥ ከሆነ በ2 ደቂቃ በካሬ ሴንቲሜትር 6 ጁል የብርሃን ጉልበት ይደርሳል፣ በዚያ ቦታ ላይ ይበቃል ብሎ ያቆማል። ሲበዛ ይሻላል የሚባል ነገር እዚህ አይሰራም፣ መጠኑ ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ጸጉሩን ቦርሾ ያደርቃል፣ መሣሪያውን ሳያበራ ለፈረሱ ያስሸትተዋል፣ "አብሽር፣ አብሽር" እያለ። ከማጅራት ጀምሮ በአንገት ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ጡንቻ እስከ ወገብ ይወርዳል። ከጆሮ ኋላ ሲሰራ ዓይኑን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍናል። ጉራቻ ፈረስ ላይ ቶሎ ቶሎ በእጁ ጀርባ ሙቀቱን ይፈትሻል፣ ጥቁር ጸጉር ቶሎ ስለሚግል። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ ካደረገ፣ ከንፈሩን ከላሰና ካላመጠ፣ ካዛጋ፣ እየተፈታ ሊሆን ይችላል። ከሸሸ ግን አጥፍቶ ይጠብቃል እንጂ አይታገለውም። ሲጨርስ 10 ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት ያስመራዋል። የዚያን ቀን ጋሪ የለም፤ ይህን እሺ የማይል ባለቤት ፈረስ ላይ አይሰራም።

ያረገዘች ባዝራ ሆድ ላይ፣ እብጠት ወይም ኪንታሮት መሳይ ነገር ላይ፣ የሚደማ ቁስል ላይ አያበራም። በቅርቡ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የተወጋ ፈረስም ቀን ተቆጥሮ እስኪያልፍ ይጠበቃል፣ መድኃኒቱ ቆዳን ለብርሃን ስስ ሊያደርገው ስለሚችል።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግነው ግን አንድ ዳማ ፈረስ "ጡንቻው ደርቋል፣ መብራት አድርግለት" ተብሎ በመጣ ጊዜ ስላደረገው ነው። ፈረሱ አራት እግሩን ገትሮ ቆሟል፣ ጆሮው ቀጥ ብሏል፣ ጅራቱ ትንሽ ተነስቷል። አገጩን ከስር በእጁ መታ ሲያደርገው ከዓይኑ የውስጥ ጥግ ሽፋን ብልጭ ብሎ ዓይኑን ጋረደው። ቦርሳውን እንደተዘጋ አስቀመጠና ሰኮናውን አነሳ፤ የቆየ የሚስማር ውጋት አገኘ። ቴታነስ ነው፣ መንጋጋ ቆልፍ። ብርሃንና ድምፅ መንዘፍዘፉን ያባብሰዋል፤ ያን ሰዓት መብራት ቢበራበት ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። ጨለማና ጸጥ ያለ ቤት አስገባው፣ ጆሮውን በጥጥ ደፈነለት፣ አንገቱን ማጎንበስ ስለማይችል ውሃና ሳሩን ደረቱ ድረስ ከፍ አስደረገ፣ የፀረ መርዝ መርፌና ፔኒሲሊኑ እንዲሰጠው ክሊኒክ ድረስ ራሱ ሄዶ ሐኪም አመጣ። ሳንቲም አልተቀበለም። ብዙ ፈረስ በዚህ በሽታ ያልቃል፣ ያ ዳማ ግን ቆሞ እየሄደ ነው።

እሱ ራሱ መብራቱ ተአምር ነው አይልም። በፈረስ ላይ የተሰሩት ጥናቶች ጥቂት ናቸው፣ ውጤታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ማሰሪያው ከተስተካከለ በኋላ የሚያግዝ ነገር ነው፣ አለቀ። ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረ ፈረስ ካላችሁ ደግሞ ወደ እሱ አታምጡት፣ ካለበት ሳታንቀሳቅሱ ሐኪም ጥሩ።

ለሌላው ሁሉ ግን ወደ እሱ ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ! በጠዋት፣ ፈረሱ ሳያልበው፣ ከነጋሪውና ከነሙሉ ዕቃው ይዛችሁ ውጡ። ቅባትም ስፕሬይም አትቀቡት። ጋሪ ተራው ላይ ባለመብራቱን ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል።