ቨርጂኒያ ተጀምሮ ሜሪላንድ ያለቀ የቪዲዮ ቀጠሮ፣ 3 ኮከብ

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ) ላላችሁ፣ በተለይ ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ ይጠቅማል ብዬ ነው። ሀኪም በቪዲዮ የሚያገናኘውን አፕ (ስሙን ተዉት) ከጀመርኩ 8 ወር ሆኖኛል። የጀመርኩት አማርኛ የምትናገር ዶክተር ስላገኘሁበት ነው፣ ደም ግፊቴን በእንግሊዝኛ ሳስረዳ ግማሹ ሆዴ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ እሷ ግን ሽሮው ላይ ጨው ቀነሱ ወይስ እንደድሮው ነው ብላ ነው የምትጀምረው።

እና በቀደም የደም ግፊት ክኒኔ ሊሲኖፕሪል ሶስት ፍሬ ቀርቶኛል፣ ሪፊልም (ፋርማሲው ያለ አዲስ ትእዛዝ የሚደግመው) የለውም፣ ለ2:20 ከሰዓት ቀጠሮ ያዝኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ሬገን ኤርፖርት ሎት (የሾፌሮች መጠበቂያ) ውስጥ ተራ እየጠበቅኩ ነው፣ ከፊቴ መአት መኪና አለ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደገፍኩና ገባሁ። ሰላም ተባባልን፣ ከዛ "ጋሼ፣ አሁን ያሉት የት ነው?" አለችኝ። ኤርፖርት አልኳት ምን አውቄ። "የትኛው?" ሬገን። "እሱ እኮ ቨርጂኒያ ነው፣ እኔ ያለኝ የሜሪላንድ ላይሰንስ ብቻ ስለሆነ አሁን ላክምዎት አልችልም።" ኧረ እኔ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ነኝ፣ ኢንሹራንሴም የሜሪላንድ ነው ብዬ ተከራከርኩ። የሚታየው ቤትዎ ሳይሆን አሁን የተቀመጡበት ቦታ ነው አለችኝ፣ እስከ 4 ሰዓት አለሁ፣ ሜሪላንድ ሲገቡ ይደውሉ፣ እየነዱ ግን እንዳይደውሉ።

በጣም የሚያናድደው፣ ቅርቡ የ14ኛው መንገድ ድልድይ ነው፣ እሱን ብሻገር ግን የምገባው ዲሲ ነው፣ የዲሲ ላይሰንስም የላትም! ስለዚህ ተራዬን ጥዬ በአሌክሳንድሪያ አድርጌ ዊልሰን ድልድይን ተሻገርኩ (እሱም ቢሆን መሃሉ ላይ ቁራጭ የዲሲ ግዛት አለው፣ እዛ ጋ ባለመቆሜ ነው የተረፍኩት)። ሜሪላንድ ገብቼ ናሽናል ሃርበር ፓርክ አድርጌ ደወልኩ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ በቤት መለኪያ የለካሁትን ነገርኳት፣ መድሃኒቱን ሰፈሬ ያለው ፋርማሲ ላከችልኝ።

መጀመሪያ በሷ ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ሳስበው ግን እኛ የታክሲ ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። በዲሲ ታክሲ ሰው ጭነህ ቨርጂኒያ ታወርዳለህ እንጂ እዛው ቨርጂኒያ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ጭነህ አትሰራም አይደል? የሀኪምም እንደዛ ነው፣ ላይሰንሱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው፣ ህክምናው ተደረገ የሚባለውም በሽተኛው ያለበት ስቴት ነው፣ ዶክተሯ የትም ትቀመጥ። እሷ ዝም ብላ ብታክመኝ ኖሮ ያለ ፈቃድ ሰራሽ ተብላ ልትጠየቅ ነው። በኮቪድ ጊዜ በ2020 ብዙ ስቴቶች ይሄን ህግ ላላ አድርገውት ነበር፣ እኔም ያንን ለምጄ ነው የተሸወድኩት፣ ከዛ በኋላ አብዛኛው ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሀኪሞች ብዙ ስቴት ላይ ላይሰንስ ቶሎ የሚያወጡበት የስቴቶች ስምምነት አለ፣ ከ2017 ጀምሮ ይሰራል፣ ሜሪላንድም ገብታበታለች፣ ግን አንድ ወረቀት ሁሉም ጋ ያሰራል ማለት አይደለም፣ የየስቴቱን ለየብቻ ከፍሎ ማውጣት ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲም በ2023 የእርስ በርስ ፈጣን መንገድ ከፍተዋል፣ እሱም ቢሆን ማመልከቻና ክፍያ አለው። ሳይኮሎጂስት ከሆነ ይቀላል፣ ሳይፓክት የሚሉት የሳይኮሎጂስቶች የስቴቶች ስምምነት አለ፣ ሶስቱም ጋ ይሰራል፣ እህቴ ቨርጂኒያ ሆና የሜሪላንዷን የምታናግረው በሱ ነው። መድሃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስት ግን እዛ ውስጥ የለም፣ እንዳታምታቱት።

አሁን ወደ አፑ። ዶክተሯ 5 ኮከብ ይገባታል። አፑ ግን ቀጠሮ ሲያስይዘኝ በፕሮፋይሌ አድራሻ ሀኪም መርጦ አሳየኝ እንጂ በዛ ሰዓት የት ትሆናለህ ብሎ አልጠየቀኝም፣ አንዲት ጥያቄ እኮ ናት። ደሞ የተቋረጠውን እንደ አንድ ቀጠሮ ቆጥረው ኮፔይ (ከኢንሹራንሱ ሌላ እኔ ከኪሴ የምከፍለው) ሁለቴ ቆረጡብኝ፣ 30ና 30 ዶላር፣ የመጀመሪያውን ለማስመለስ ሁለት ቀን ቻት ላይ ተጨቃጨቅኩ። መለሱልኝ፣ ግን ይቅርታ እንኳን የለም።

አሁን ቀጠሮዬን ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አደርገዋለሁ። ዶክተራችሁ የት የት እንደምትሰራ ለማወቅ የስቴቱ የሀኪሞች ቦርድ ድረገጽ ላይ ስሟን ብትጽፉ በነጻ ይወጣል፣ አፑ ላይ ያለውን ብቻ አትመኑ። ዳላስ ኤርፖርት (የቴክሳሱ አይደለም) ሎት የምትውሉ ልጆች ደሞ፣ እሱም ቨርጂኒያ ነው፣ ከዛ ሜሪላንድ ለመግባት በትራፊክ ሰዓት ስንት እንደሚፈጅ እናንተው ታውቁታላችሁ።