ስትሮክስታውን፣ ሮስኮመን፦ የአየርላንድ የረሃብ ሙዚየም በጣም ጥሩ ነው

ደብሊን ያላችሁ አበሾች ዊኬንድ ላይ ሮስኮመን ካውንቲ ወርዳችሁ ስትሮክስታውን ፓርክን (የድሮ ባለርስት ትልቅ ቤትና የረሃብ ሙዚየሙ ያለበት ርስት ነው) እዩት፣ በመኪና 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሮስኮመን ባህር የሌለው፣ ሜዳና ረግረግ የበዛበት የከብት አገር ስለሆነ ቱሪስት ብዙም አይሄድበትም፣ ግን በ1840ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ በመጣው ረሃብ እንደሱ ክፉኛ የተጎዳ ካውንቲ ማግኘት ይከብዳል፣ በ10 ዓመት ውስጥ ከህዝቡ ሲሶው ገደማ በሞትና በስደት ጠፍቷል።

ሙዚየሙን የወደድኩት በወረቀቶቹ ነው። ርስቱን በ1979 የገዛው የአካባቢው ነጋዴ ጂም ካለሪ የርስቱ ቢሮ ውስጥ የድሮ ዶክመንት ክምር አግኝቶ ነው ነገሩ የተጀመረው። ክሉናሂ የሚባለው የርስቱ መንደር ጭሰኞች በ1846 ቤተሰቦቻችን ተራቡ ስራ ስጡን ብለው የጻፉት አቤቱታ አለ፣ እባካችሁ እሱን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ባለርስቱ ሜጀር ዴኒስ ማሆን ግን በ1847 1,490 ሰው በእግሩ ደብሊን ድረስ እንዲሄድ አድርጎ ከዛ በሊቨርፑል በኩል ወደ ካናዳ ላካቸው፣ ብዙዎቹ መርከብ ላይና ካናዳ ሲደርሱ በሽተኛ ተለይቶ የሚቆይበት የኳራንቲን ጣቢያ ላይ በበሽታ አለቁ፣ እሱም የዛኑ ዓመት ኖቬምበር ላይ በጥይት ተገደለ።

ትልቁ ቤትም አይለፋችሁ። ኩሽናው ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ በረንዳ አለው፣ እመቤቲቱ ወደ ታች ሳይወርዱ የሳምንቱን ሜኑ ከዛ ላይ ይጥሉላቸው ነበር ለሰራተኞቹ። አቤቱታውን ካነበባችሁ በኋላ ያንን በረንዳ ስታዩት ደም ነው የሚያፈላው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚየሙን ከዛ ቤቱን ግቡ። ቤቱ የሚጎበኘው በአስጎብኚ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።