የውሻ ጆሮ ሕክምና በደብረ ማርቆስ፦ ስለ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ

በጎጃም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የሚኬደው በአብዛኛው ለበሬ፣ ለላምና ለበቅሎ ስለሆነ፣ ውሻ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። የእኛ ውሻ አንገቱን ወደ ግራ አጋድሎ በዚያው በኩል እየዞረ ሲወድቅና ሲያስመልሰው፣ ከጎረቤት ገሚሱ ምች መትቶታል አለ፤ ገሚሱም እብደት ጠረጠረ። ክሊኒኩም ከሁሉ አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ጠየቀን፤ ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

ሐኪሙ የውሻው ዐይኖች ወደ ጎን ቶሎ ቶሎ ሲርገበገቡ አሳየን። የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል በውስጠኛው ጆሮ ስለሚገኝ፣ ከውጭ የጀመረ ኢንፌክሽን በመካከለኛው ጆሮ አልፎ እዚያ ሲደርስ እንስሳው እንደሚንገዳገድ፣ ጭንቅላቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ታመመው ጆሮ እንደሚያጋድል አስረዳን። በዕድሜ በገፉ ውሾች ላይ ተመሳሳይ ምልክት ያለ ኢንፌክሽን በድንገት ሊመጣና በቀናት ውስጥ መሻል ሊጀምር እንደሚችልም አልደበቀንም።

ክሊኒኩን በዋናነት የማመሰግነው ግን ጠብታ ለማዘዝ ባለመቸኮሉ ነው። ሐኪሙ መብራት ባለው መሣሪያ ጆሮውን አይቶ፣ ከኩክና ከመግል ብዛት የተነሣ ታምቡሩ ደኅና መሆኑን ማረጋገጥ ስላልቻለ ጄንታማይሲን የተባለውን የአንቲባዮቲክ ጠብታ ከለከለ፤ ምክንያቱም ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ መስማትንም ሚዛንንም ሊጎዳ ይችላል። በምትኩ ለሳምንታት የሚዋጥ አንቲባዮቲክና ማስመለሱን የሚያስታግስ መርፌ ሰጠ።

ጉድለት አላጣሁበትም። መግሉ በላቦራቶሪ አልተመረመረም፤ ራጅም የለም። የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ «በቀን 2 ጊዜ» ከሚል በቀር እስከ መቼ እንደሚሰጥ አልተጻፈም፤ እንዲህ ያለው ሕክምና ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ውሻው መሻል ሲጀምር መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው አይጠፋም። የክትትል ቀጠሮም ያገኘሁት ራሴ ጠይቄ ነው። ክፍያው ተመጣጣኝ ነው፤ ደረሰኝም ይሰጣሉ።

ውሻው አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ እንደነገረን ግን አንገቱ ትንሽ እንደተጣመመ ቀርቷል። ድመት የሚወስድ ሰው ክዳን ባለው ቅርጫት ቢይዛት ይሻላል፤ ከብቱም ውሻውም ተራውን የሚጠብቀው በአንድ ግቢ ነውና።