የተለበጠ ወይስ ባዶ? የናኖ ፋይበር ንጣፍ ለምትገዙ

ሴል የምታሳድጉ ወዳጆቼ ሁሉ የምታነሱብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሴል የሚዘራበትን፣ እጅግ ከቀጠኑ ክሮች የተሠራውን የናኖ ፋይበር ንጣፍ ስንገዛ ፕሮቲን ተለብጦ የመጣውን እንውሰድ ወይስ ባዶውን? መልሴ አልተለወጠም። ቀስ ብሎ ከሚበሰብሰው ፕላስቲክ ከፖሊካፕሮላክቶን የተፈተለውን ባዶ ንጣፍ ግዙ፤ ጄላቲኑን ራሳችሁ ልበጡት። ኮላጅን ለተባለው የቆዳና የጅማት ፕሮቲን ስም ብቻ የሚከፈል ገንዘብ አይዋጥልኝም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ለልባጭ በተለምዶ የሚፈለገው ኮላጅን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 እስከ 10 ማይክሮግራም ነው። ሴል በሚዘራበት ባለ 24 ጉድጓድ ሳህን ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለሳህኑ በሙሉ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ይበቃል። የፈትሉ ገጽ ከጠፍጣፋ ፕላስቲክ ስለሚሰፋ አምስት እጥፍ አድርጉት፤ አሁንም 2.5 ሚሊግራም አይሞላም። ጄላቲንማ ከሒሳብም አይገባ፤ 100 ግራም ዱቄት በ0.1 በመቶ ሲበጠበጥ 100 ሊትር ይወጣዋል። ታዲያ በተለበጠውና በባዶው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የምን ነው? በአብዛኛው የማምከኛ፣ የማሸጊያና የመለያ ጽሑፍ ነው። ማምከኑ ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ ግን በ70 በመቶ አልኮልና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለተራ ሙከራ የሚበቃውን ያህል ራሳችሁ ታደርሱታላችሁ። በእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ ግን እንዳትከቱት፤ ፖሊካፕሮላክቶን 60 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ መሣሪያው የሚሠራው ደግሞ በ121 ነው።

ሻጩን አስቀድማችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ኮላጅኑ የተለበጠው ክሩ ከተፈተለ በኋላ ነው ወይስ ከመፈተሉ በፊት ከፖሊመሩ ጋር ተቀላቅሎ? ተቀላቅሎ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚሟሟው በፍሎሪን አልኮል ነው። ይህ አፈታተል የኮላጅኑን ባለሦስት ጥምዝ መዋቅር እንደሚፈታው በ2008 በወጣ ጥናት ታይቷል። ጄላቲን ማለት የተፈታ ኮላጅን ስለሆነ በኮላጅን ዋጋ ጄላቲን ገዛችሁ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። «በኮላጅን የተለበጠ» ተብሎ ከመጣልኝ ንጣፍ ላይ ቁራጭ ቆርጬ ሲሪየስ ሬድ በተባለው ቀለም ነከርኩት፤ ደህና አድርጎ ቀላ። ሌላውን ቁራጭ ግን አስቀድሜ በ37 ዲግሪ የጨው ውሃ ውስጥ አሳደርኩትና ነከርኩት። ነጭ እንደሆነ ቀረ። የውሃ ጠብታ ባስቀምጥበትም ውሃ በማይቀበለው ባዶ ንጣፍ ላይ እንደሚሆነው ክብ ሆና ቆመች። ፕሮቲኑ ላዩ ላይ ተረጭቶ ደረቀ እንጂ አልተያዘም ነበር። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም። ስለዚህ ከማንም ብትገዙ ይህን ፈተና ሴል ከመዝራታችሁ በፊት አድርጉ፤ ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ጄላቲን በበኩሉ በ37 ዲግሪ ስለሚሟሟ ካልታሰረ ዕጣው ያው ነው። ፕሮቲኑን በሚያስረው ኬሚካል ላይ ነው እንግዲህ መጠንቀቅ ያለባችሁ። ግሉታራልዴሃይድ ርካሽ ቢሆንም የቀረው ርዝራዥ ሴል ይገድላል። ጄኒፒን ለሴሉ የዋህ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ ንጣፉንም ሰማያዊ ስለሚያደርገው በማይክሮስኮፕ ማየት ያስቸግራል። እኔ የምመርጠው ኢዲሲ የተባለውን ማሰሪያ ከአጋዡ ከኤንኤችኤስ ጋር ነው። ፖሊካፕሮላክቶን ግን ኢዲሲ የሚይዘው በቂ የካርቦክሲል ቡድን (የአሲድ ጫፍ) ገጹ ላይ ስለሌለው አስቀድሞ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለአጭር ጊዜ መታጠብ ወይም በኦክስጅን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) መመታት አለበት። ፕላዝማው ያመጣው ለውጥ ሲውል ሲያድር ስለሚደበዝዝ በዚያው ቀን ልበጡት።

ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ የሚሠራው ፖሊመር ፒኤልጂኤስ? ሙከራችሁ በሳምንታት ውስጥ የሚበሰብስ ንጣፍ ከጠየቀ አማራጭ የላችሁም፤ ሁለቱ አሲዶች እኩል የተቀላቀሉበት ዓይነት በአንድ ወይም በሁለት ወር ያልቃል፣ ፖሊካፕሮላክቶን ግን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ያለዚያ ፒኤልጂኤን አልመክርም። በ37 ዲግሪ እርጥበት ውስጥ ይኮማተራል፣ ሲበሰብስ አሲድ ይለቅቃል፣ ዋጋውም ይበልጣል።

ከሐሳቤ የማፈገፍገው ለነርቭ ሴል ብቻ ነው። እርሱ ላሚኒን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ጄላቲን አይበቃውም። ያን ጊዜም ቢሆን ባዶውን ንጣፍ ገዝታችሁ ላሚኒኑን ለብቻው እዘዙ። ብልቃጡ በ4 ዲግሪ ቀስ ብሎ ይቅለጥ፣ ወዲያውም በትንንሹ ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ያበላሸዋል።