ሆድ ተቀንሶ ክብደት ሲወርድ የትኛው የእንቅልፍ ማሽን? ቋሚው ወይስ አውቶው

ስሊቭ ወይም ባይፓስ የሚባለውን የጨጓራ መቀነሻ ኦፕራሲዮን የተሠራ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። «ክብደቴ እየወረደ ነው፣ ሐኪሙ ግን ሲፓፑን እንዳታቆም ብሎኛል፤ የትኛውን ልግዛ?» ሲፓፕ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ለሚቆምበት ሰው በማስክ አየር እየነፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን ነው። መልሴ አጭር ነው። ግፊቱን ራሱ የሚያስተካክለውን፣ አውቶውን ግዙ። ለአብዛኛው ሰው ሬስሜድ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤርሴንስ 10 አውቶሴት ይበቃዋል። ቋሚውን ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ።

ቋሚው ማሽን ከኦፕራሲዮኑ በፊት በተለካላችሁ የግፊት ቁጥር ላይ ይቀመጣል። 14 ከተባለ ሌሊቱን ሙሉ 14 ይነፋል። የእናንተ ሰውነት ግን በየወሩ እየተለወጠ ነው። አንገት አካባቢ ያለው ስብ ሲቀንስ ጉሮሮን ከፍቶ ለማሳደር የሚበቃው ግፊትም ይወርዳል። 9 የሚበቃው ሰው 14 ሲነፋበት ያድራል። ትርፉ አየር በማስኩ ጠርዝ ያፏጫል፣ ዓይን ያደርቃል፣ የቀረው ይዋጣል። ጨጓራው ለተቀነሰ ሰው ደግሞ አየር ውጦ ማደር ትልቅ ስቃይ ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎኑን እየወጋው ይነሳል። ብዙ ሰው ማሽኑን አውልቆ የሚያስቀምጠው በዚህ ጊዜ ነው፣ ከዚያ «ከስቻለሁ፣ ድኛለሁ» ይላል፣ ሚስቱ ግን ትንፋሹ ሲቆም ትሰማለች።

አውቶው ከ4 እስከ 20 ባለው መሀል ሐኪሙ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ያበጅለታል፣ እሱ ትንፋሻችሁን እየተከታተለ ከፍ ዝቅ ይላል። እናንተ ስትቀንሱ እሱም ይቀንሳል። ቋሚው ግን ግፊቱ ከብዷችሁ ሐኪም ጋር ካልተመላለሳችሁ በቀር ዝቅ አይልም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ኦንላይን ሳየው የነበረው ዋጋ ለአዲስ ኤርሴንስ 10 አውቶሴት ከ500 እስከ 800 ዶላር ነው፣ ኤርሴንስ 11 ደግሞ ወደ 1,000 የተጠጋ። 11 የሚነካ ስክሪን አለው፣ መልኩም ያምራል። ለሕክምናው ግን ያን ያህል ልዩነት አላየሁበትም። የዋጋውን ልዩነት ለማስክ አስቀምጡት። ምክንያቱም ፊታችሁም ይከሳል! በፊት ልክ የነበረው ማስክ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ማሰሪያውን ብታጠብቁት ቆዳ ይልጣል። ትንሹን ቁጥር መግዛታችሁ አይቀርም፣ እና አንድ ማስክ ብቻውን 100 ዶላር ሊያስወጣ ይችላል።

ኢንሹራንስ አለኝ የምትሉም ሒሳቡን ሥሩት። ሜዲኬር (በአብዛኛው ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት ኢንሹራንስ) ማሽኑን ለ13 ወር በኪራይ ነው የሚከፍለው፤ ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀን ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ቢያንስ 4 ሰዓት ማድረጋችሁን ይቆጥራል። ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ተመሳሳይ መስፈርት አላቸው። ገና ከኦፕራሲዮን ወጥቶ የሚያቅለሸልሸው ሰው ይህን ሊስተው ይችላል። ዲዳክቲብላችሁ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራሳችሁ የምትከፍሉት) ካልሞላ ደግሞ ኪራዩ ከኪሳችሁ ነው። በወር 90 ዶላር ቢጠይቋችሁ በ10 ወር 900 ይሆናል፤ ያው ማሽን በካሽ 600 ይገኛል። የሐኪም ማዘዣ ብቻ ያዙ።

ያገለገለ ለሚገዛና አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦቹ ለሚልክ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ገንዘብ ሲበላ ያየሁት። ኤርሴንስ 10 በዋናነት በሦስት ዓይነት ይመጣል፤ ሲፓፕ፣ ኤሊት እና አውቶሴት። ከሩቅ ቢያዩአቸው መንትያ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቋሚ ናቸው። አንድ ዘመዴ «አውቶ ነው» ተብሎ 350 ዶላር ከፍሎ የገዛው ኤሊት ሆኖ ተገኘ፣ ሻጩም ስልኩን ዘጋ። ስለዚህ በፎቶ አትመኑ፣ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ስም ራሳችሁ አንብቡ። የሠራበትንም ሰዓት ጠይቁ። 20,000 ሰዓት ገደማ ሲደርስ የሞተሩ ዕድሜ አልቋል የሚል መልእክት ያወጣል። በቀን 8 ሰዓት ብትሉ ወደ ሰባት ዓመት ነው። እኔ ከ3,000 ሰዓት በላይ የሠራ አልገዛም።

በጣም የረከሰ ድሪምስቴሽን፣ ማለትም የፊሊፕስን ማሽን፣ ካገኛችሁ ቆም በሉ። ፊሊፕስ በ2021 ሰኔ ወር ላይ የመጀመሪያውን ትውልድ ድሪምስቴሽን ጨምሮ ብዙ ማሽኖቹን ከገበያ ጠርቷል፣ ውስጡ ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ትንፋሽ ሊገባ ስለሚችል። ያልተቀየረላቸው ማሽኖች ዛሬም እጅ በእጅ ይሸጣሉ። በነፃ ቢሰጧችሁም ለእናታችሁ አትላኩ።

የመብራት ነገር፣ ኦርጅናሉ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። ኮፒው ግን ጉድ ነው። ለዚሁ ዘመዴ ከሱቅ የተገዛው ፎርጅድ ቻርጀር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጠለ፤ ማሽኑ መትረፉ በዕድል ነው። የኤርሴንስ 10 ቻርጀር ለ11 እንደማይሆንም እወቁ። የአየር ፊልተሩንም ከዚሁ ከአሜሪካ ብዙ አድርጋችሁ ላኩ፣ ቀላል ነው፣ ኪሎ አይወስድም።

ኤርሴንስ 11ን የምመርጥበት አንድ ሁኔታ አለ፣ ከፍታ። ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ነው የተሠራው፣ 11 እስከ 3,010። ለአብዛኛው አዲስ አበባ 10 ይበቃል። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ግን 11ን ግዙለት፣ እዚያ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ስክሪኑ ላይ የምታዩት፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደቆመ ወይም እንዳነሰ የሚያሳየው ቁጥር ከ5 በታች ሲሆን ድኛለሁ እንዳትሉ። ያ ቁጥር ማሽኑ እየረዳችሁ የተገኘ ነው። አውቶው ላይ የሚጠቅመው ሌላኛው ቁጥር ነው፣ ግፊቱ። በፊት 13 ላይ ያድር የነበረው ወደ 6 ከወረደና ክብደታችሁም መቀነሱን ካቆመ፣ የሜሞሪ ካርዱን ይዛችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱና የእንቅልፍ ምርመራው ያለ ማሽን እንዲደገም ጠይቁ። እስከዚያው ድረስ ማስኩን ሳታደርጉ አትተኙ።