ስምንት ወር ከኢኤልኤም327 ጋር፦ ኤርፍሎ ሴንሰር ሲዋሽ በምን ይታወቃል?

የክብሪት ቀፎ የምታህለው ይህች የብሉቱዝ መመርመሪያ ከመሪው ሥር ባለው 16 ፒን ሶኬት ላይ ትሰካና በስልክ አፕ ትነበባለች። የቼክ ኢንጂን መብራት ለማጥፋት ብቻ ከሆነ ባትገዛም ይቀራል፤ ብልሽቱ እስካለ ድረስ መብራቱ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ዋጋዋን የምታወጣው ሞተሩ እየሠራ በምታሳየው ዳታ ነው፤ በተለይ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ኤርፍሎ ሴንሰር ሲጠረጠር።

የብልሽት ኮድ ብቻውን ያሳስታል። ፒ0171 ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል ከማለት አልፎ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ፒ0101 ሴንሰሩን በስሙ ይጠራል፤ ግን ከሴንሰሩ ቀጥሎ ያለው የጎማ ቱቦ እጥፋቱ ላይ ሲሰነጠቅም ይኸው ኮድ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ስንቱ ደህና ሴንሰር ተነቅሎ ተጥሏል!

ስለዚህ አፑ ላይ አራት ነገር ይከፈታል፦ ዙር፣ የአየር ፍሰት በግራም በሰከንድ፣ አጭሩ ፊዩል ትሪምና ረጅሙ። ትሪም ማለት ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ (+) ወይም እንደቀነሰ (-) የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ አጭሩ የቅጽበቱ፣ ረጅሙ በጊዜ የተማረው። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ የአየር ፍሰቱ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ 1.8 ሊትር ሞተር በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ከ2 እስከ 3 ግራም አካባቢ ያሳያል። ነዳጅ ሙሉ ተረግጦ ዙሩ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ የፈረስ ጉልበቱን በ0.8 ማባዛት ነው፤ 130 ፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር 100 ግራም ገደማ ይስባል። ይህ ለባሕር ወለል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ አምስተኛ ያህል ቢቀንስ አይደንግጡ።

ፍርዱ ያለው ግን ትሪሙ ላይ ነው። በጤነኛ ሞተር የሁለቱ ድምር ከ10 በመቶ ወዲህም ወዲያም ብዙ አይርቅም። በሚኒሞ +18 የነበረው 2500 ዙር ላይ ወደ +4 ከወረደ ሴንሰሩን ይተዉትና ቀዳዳ ይፈልጉ። በስንጥቅ የሚገባው አየር በሚኒሞ ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ዙር ሲጨምር ግን በብዙው አየር ይዋጣል። ነገሩ ከተገለበጠ፣ ማለትም በሚኒሞ ዜሮ አካባቢ ወይም ከዜሮ በታች ሆኖ ዳገት ላይ +15 ከደረሰ፣ አየሩን የሚለካው የሴንሰሩ ቀጭን ሽቦ ቆሽሿል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ልክ ይህንኑ ይመስላል። የሚለያቸው ያ 100 ግራም ነው፤ ግራሙ የሚጠበቅበት ደርሶ ትሪሙ ከፍ ካለ የነዳጅ ግፊት ይለካ፤ ግራሙ 70 ላይ ቀርቶ ትሪሙም ከፍ ካለ ሴንሰሩ አሳንሶ እያነበበ ነው። ግራሙ ዝቅ ብሎ ትሪሙ ደህና ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ አየር ያጣው ሞተሩ ራሱ ነው፤ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም የተደፈነ ካታሊስት (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ይሆናል። ትሪሙን ሙሉ ተረግጦ እያለ ማንበብ ትርጉም የለውም፤ ኮምፒውተሩ ያን ጊዜ በኦክስጅን ሴንሰሩ ማስተካከሉን ይተዋል። ጋዙ ሳይለዋወጥ ዳገት ላይ መታየት አለበት።

ሽቦው ከቆሸሸ ከመግዛት በፊት ማጠብ ይቀድማል። ቁልፉ ይጥፋ፣ ሶኬቱ ይነቀል፣ ሁለቱ ብሎን ይፈታ። ለኤርፍሎ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሽቦው ላይ ይረጫል። ጨርቅም ጣትም አይነካውም፤ ሽቦው ከፀጉር የማይተናነስ ቅጥነት ስላለው በንክኪ ይበጠሳል። የካርቡሬተር ስፕሬይ ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ይድረቅ፣ ከዚያ ኮዱ ይጥፋና ረጅሙ ትሪም ከዜሮ ተነሥቶ እንደገና እንዲማር መኪናው ይነዳ። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ያለው መኪና ላይ ዘይቱ ከበዛ ይኸው ቆሻሻ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ርካሾቹ ቅጂዎች ዘገምተኛ ናቸው፤ አራት መስመር ሲከፈት ቁጥሩ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። ለቅጽበት የሚቋረጥ የኤሌክትሪክ ገመድ በዚህ አይያዝም፤ መልቲሜትር ይዞ ገመዱን መነቅነቅ ይሻላል። ስሪት 2.1 ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ትእዛዝ ይጎድላቸዋል፤ ቆየት ያሉ መኪኖች ላይ እስከነጭራሹ የማይገናኙም አሉ። ኤርፍሎ ሳይኖረው በማፕ ሴንሰር (የመግቢያውን አየር ግፊት በሚለካው) ብቻ የሚሠራ ሞተር ላይ አንዳንድ አፕ የአየር ፍሰቱን ራሱ አስልቶ ያሳያል፤ ያንን የሴንሰር ንባብ ብሎ ማመን አይገባም። የአይፎን ተጠቃሚ የተለመደውን የብሉቱዝ ዓይነት ሳይሆን ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ወይም ዋይፋይ ያለውን ይምረጥ።

የሶኬቱ ፒን 16 ቁልፉ ጠፍቶም ከባትሪው በቀጥታ ኤሌክትሪክ ያገኛል። መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ መሣሪያዋ ተነቅላ ኪስ ውስጥ ትግባ።