የሄርማታው አንቀልባ በአባት ጀርባ ላይ

ጅማ ካለው ከሄርማታ ገበያ ስለገዛሁት የቆዳ አንቀልባ ነው የምጽፈው። ባጭሩ፣ ግዙት። አባቶች ደግሞ በተለይ ግዙት።

ቆዳው የፍየል ነው፤ በደንብ የለፋ፣ እጅ ላይ ለስለስ የሚል። ጠርዙ ላይ ዛጎል ተሰፍቶበታል። የላይኞቹ ጠፍሮች በትከሻ መጥተው ደረት ላይ ይቋጠራሉ፣ የታችኞቹ ወገብ ላይ። ስፌቱ ጠንካራ ነው፤ እስካሁን አንድም ክር አልተነቀለም።

የሸጡልኝ እናት መጀመሪያ «ለሚስትህ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ለራሴ ነው» አልኳቸው። አልሳቁም፣ አልገረማቸውምም። «ኮቱ፣ ና ልለካህ» ብለው ጠፍሩን ትከሻዬ ላይ ዘረጉት፤ ለኔ ደረት ሲያጥር ጊዜ እዚያው ቁጭ ብለው ሌላ ጠፍር ቀጠሉበት። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ አባት ነኝ ማለት ይከብደኝ ነበር። ሳይጠራ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው፣ አንዱ መጥቶ «አንተ ማነህ?» የሚለኝ ይመስለኛል። ስታለቅስ አቅፋታለሁ፣ ዓይኔ ግን በር በሩን ያያል፤ እናቷ መጥታ ትረከበኛለች ብዬ። ይዣት ስወጣ ደግሞ ጎረቤቱም ባጃጅ ነጂውም «እናቷስ?» ይላል። በክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን በተባለ ቁጥር ያ ስሜት ይብስብኛል።

ምክንያቱን ሳስበው ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ታገኛለች። አባት 3 ቀን። እሷ ቀንም ሌሊትም ከልጁ ጋር ሆና የምታውቀውን ነገር እኔ በ3 ቀን ከየት አመጣዋለሁ? አብሮ የሚወለድ ችሎታ የለም፤ ልጅ በመያዝ ነው የሚለመደው። የባለቤቴ ፈቃድ አልቆ ሥራ ስትገባ፣ እኔ የምሠራው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ልጅቷ የኔ ሆነች። አንቀልባውን የገዛሁት ያኔ ነው።

አስተዛዘሉንም አንቀልባውን የሸጡልኝ እናት አሳዩኝ። ጎንበስ ትላላችሁ፣ እግሯ በወገባችሁ ግራና ቀኝ ይከፈታል፣ ቆዳው ጭኗን ደግፎ እስከ አንገቷ ይወጣል። ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነው። እግር ተከፍቶ፣ ጭን ተደግፎ መታዘል ለዳሌ መጋጠሚያም ይመከራል። አፍና አፍንጫዋ እንዳይሸፈን ግን ደጋግማችሁ እዩ። አንገቱ ያልጠና ሕፃን ከሆነ ደግሞ ጠብቁ፣ አትቸኩሉ።

አሁን አዝያት እየሄድኩ መቼ እንደምትተኛ ሳላያት አውቃለሁ። መጀመሪያ የሸሚዜን ኮሌታ የጨበጠችው እጅ ይላላል። ከዚያ ጭንቅላቷ ሁልጊዜ ወደ ግራ ትከሻዬ ይወድቃል፤ ትንፋሿም በሸሚዙ በኩል ሞቅ እያለ ይሰማኛል። ይህን ማንም አልነገረኝም። እናቷ እንኳን «እንዴት አወቅህ?» ብላ ጠይቃኛለች፣ እና ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ደስታዬን አልቻልኩትም።

እንከን የለውም አልልም። ረጅም መንገድ ሲሆን ጠፍሩ ትከሻ ይቆርጣል፤ ነጠላ አጥፋችሁ ከሥሩ አድርጉ። እኩለ ቀን ላይ ይሞቃል፣ እሷም እኔም ላብ በላብ እንሆናለን። ሽንት ከነካው ሽታው ቶሎ አይለቅም፣ ስለዚህ ከውስጥ ጨርቅ አይጠፋ። ትልቁ ችግር ግን ዝናቡ ነው፤ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። የረጠበ ቆዳ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ድርቅ ይላል። ጥላ ውስጥ አድርቁትና ትንሽ ቅቤ አሹት። ባጃጅ ስትሳፈሩ ደግሞ ልጁን አውርዳችሁ ፊት ለፊት እቀፉት፤ ጀርባችሁ ላይ እያለ ወንበር ተደግፋችሁ እንዳትቀመጡ።

ቡቲክ የሚሸጠውን ባለ ዘለበት ማዘያ ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ለትከሻ ይመቻል፣ አልክድም። ግን የሷ እግር ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ዋጋውም አይቀመስም። የኔ ምርጫ አንቀልባው ነው።

የምትገዙ ከሆነ ሐሙስ ሂዱ፤ ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያው ነው የሚታወቀው። አባቶች፣ ሳትከፍሉ በፊት ጠፍሩን በራሳችሁ ትከሻ አስለኩ። አብዛኛው የሚሰፋው በሴት ልክ ስለሆነ ያጥራችኋል፤ ይቀጠልልኝ በሉ፣ ይቀጥሉላችኋል።